ፎራ የተባለው ሽፍታ

ሬዲዮዬን የገዛሁት ደንበኛ እንዲያመጣልኝ እንጂ ሰው እንዲያሳስርብኝ አልነበረም። ዲላ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከከብት ገበያው ከፍ ብሎ፣ አቡጀዲ፣ ጨውና ላምባ የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ። ባለቤቴ ባህሩዲን በጭነት መኪናው ከአሪቻና ከሬኮ ቡና ስለሚያመላልስ የሱቁ አዛዥም ታዛዥም እኔው ነኝ። ሬዲዮው ከመደርደሪያው አናት ላይ ይቀመጣል። የምሽቱ ዜና ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ በረንዳው በሰው ይሞላል። ዜና ሊሰማ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ ያፍራል፤ ሌላው ቢቀር ክብሪት ይገዛል።

ጊዜው የሶማሊያ ጦርነት የተፋፋመበት ነበር። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ወረራ ያወራል። ወረራ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ልጁን ከደጅ ጠርቶ ያስገባል፣ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃቸውን ይወለውላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ቃል ተሳስቶ መስማት እንደ ሌላ ጊዜ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

ከበረንዳዬ ደንበኞች አንዱ ኦቦ ጅሎ ነበሩ። ጉጂ ናቸው። ቤታቸው ከዲላ ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር ነው። በገበያ ቀን ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ለከብቶቻቸው ጨው ገዝተው ይመለሳሉ። ለእኔ ግን ከደንበኛም በላይ ናቸው። በልጅነቴ ትክትክ ይዞኝ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠብኝ ጊዜ እናቴ እሳቸው ቤት ወስዳ ትታኝ፣ ባለቤታቸው ሎኮ ከላሟ ሥር ትኩስ ወተት እያጠጡ አድነውኛል። ኦቦ ጅሎ በአማርኛ ወንድና ሴት መለየት አይሆንላቸውም፤ ያን ጊዜም አሁንም «አንተ ረህማ» ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቆጣለሁ፤ እሳቸው ሲሉኝ ግን ስሜ ሙሉ የሚሆን ይመስለኛል።

ሬዲዮው ስለ ቆላ ሰዎች ሲያወራ ቋንቋው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ዘላኖች» ይላል። አንድ ምሽት ኦቦ ጅሎ ይህን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ረህማ፣ ዘላን ምንድነው?»

«የሚዘል ሰው ነዋ፣ ኦቦ።»

«ማነው የሚዘል?»

«ሬዲዮው እናንተን ነው የሚለው።»

ትንሽ አሰቡና ጉልበታቸውን አሹ። «እኔ ይሄን ጉልበት ያመኛል። ጦጣ ነው የሚዘል» አሉ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሆዴ አልሳቀም። አባቴ ከጉራጌ አገር በእግሩ ተነስቶ ዲላ እስኪደርስ በየከተማው ሱቅ ከፍቶ ሱቅ ዘግቷል። ባለቤቴ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ዜናውን የሚያነበው ሰውም ቢሆን ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃውን ሲያጓጉዝ የከረመ መሆን አለበት። እኛን ዘላን ብሎ የጠራን የለም። የኦቦ ጅሎ ቤት ግን እኔ በትክትክ ስማቅቅ ካየሁበት ኮረብታ ሥር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

የሚሄዱት ከብቶቹ ናቸው፤ እነሱም ሁሉም አይደሉም። የጉጂ ሰው ከብቱን በሁለት ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቻቸው ከሚስትና ከልጆች ጋር እቤት ይቀራሉ፤ ቤቱም ቤተሰቡም ከብቱም አንድ ላይ ወራ ይባላል። በሬዎቹንና ጊደሮቹን፣ የማይታለቡትን ሁሉ ደግሞ ጎበዛዝቱ እየነዱ ሣርና ውሃ ወዳለበት ይወርዳሉ፤ ይህኛው ፎራ ነው። ዝናብ ሲጥልና ሣር ሲያቆጠቁጥ ፎራው ወደ ወራው ይመለሳል። ይህን ዲላ ውስጥ ጉጂውም ጌዴኦውም፣ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮው ብቻ አያውቀውም።

አንድ ሰኞ ታረቀኝ ከአዲስ አበባ መጣ። የዲላ ልጅ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ አሰገደች ከኔ ሱቅ ሌላ ቦታ ጨው ገዝተው አያውቁም። ሲያሳድጉት ግን መጽሐፉን እንጂ ገበያውን አላሳዩትም፣ ከዲላ ዳገት ቁልቁል ወርዶ አያውቅም። ተምሮ ጋዜጠኛ ሆኗል። ቴፕ መቅረጫውን በትከሻው አንግቶ በረንዳዬ ላይ ሲቆም ደስ አለኝ፤ የሰፈር ልጅ ሰው ሲሆን ማን ይጠላል። ስለ ዘላኖች ዜና ሊሠራ እንደመጣ ነገረኝና ኦቦ ጅሎን አየ።

«እኔ ላስተርጉምልህ» አልኩት።

«አያስፈልግም እትዬ ረህማ፣ አማርኛ ይችላሉ እኮ» አለኝና ማይክሮፎኑን ከሽማግሌው አፍ ሥር ደቀነው።

እኔ ለአንዲት ሴት አቡጀዲ እየለካሁ በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ።

«አባት፣ ሰዎቻችሁ አሁን የት ናቸው?» አለ ታረቀኝ።

ኦቦ ጅሎ እጃቸውን ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዘረጉ። «ወራ እዚህ ነው። ወራ የትም አይሄድም። የሄደ ፎራ ነው።»

«ፎራ የት ሄደ?»

«ታች፣ አባያ። ጎበዝ ልጆች አብሮ ነው። ብዙ ነው። ዝናብ ሲመጣ ፎራ ተመልሶ ይመጣል።»

«መጥቶ ምን ሊያደርግ?»

ኦቦ ጅሎ ጥያቄው ገረማቸው። «ሊበላ ነዋ» አሉ።

እኔ ይህን ስሰማ ምንም አልመሰለኝም። ፎራ መጥቶ ሣር ካልበላ ምን ሊያደርግ ነው? ታረቀኝ ግን ፊቱ በራ። አመስግኖ፣ ከረሜላ ገዝቶ ሄደ።

ረቡዕ ማታ በረንዳው እንደወትሮው ሞልቶ ዜናው ጀመረ። «በጌዴኦ አውራጃ ቆላማ ሥፍራ ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ዘላኖች ወረራ ለመፈጸም በመዘጋጀት ላይ መሆናቸው ታወቀ» አለ ሬዲዮው። «ፎራ የተባለው ሽፍታ መሪያቸው በርካታ ጎበዛዝት አስከትሎ ወደ አባያ ዳርቻ የወረደ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል ተመልሶ የአርሶ አደሩን ሰብል ሊበላ መዘጋጀቱን ጅሎ የተባለ የዘላኖቹ ሽማግሌ በኩራት ገልጿል።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። ፎራ ሽፍታ ሆነ፣ ወራ ወረራ ሆነ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ሞተ። እርስ በርስ ተያየን። ሸምሰዲን፣ ከሱቄ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ፣ ፎራን ከኔ ይልቅ የሚያውቅ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምናልባት ፎራ የሚባል ሰውም ይኖር ይሆናል እኮ። ሬዲዮ ዝም ብሎ አይናገርም» አለ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ጅሎ ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ከተማ ሲገቡ ተያዙ። ወሬውም አብሮ ደረሰኝ፤ የአብዮት ጥበቃ ቡድን ቅዳሜ ቀትር ላይ ፎራን አድኖ ሊይዝ ወደ አባያ ይወርዳል። ደሜ ፈላ። ታች ያሉት እኮ የኦቦ ጅሎ ልጆች ናቸው፤ ትልቁ ሮባና ወንድሞቹ። የታጠቀ ሰው ከብታቸው መሃል ሲገባ ዘራፊ መጣ ብለው ጦራቸውን ያነሳሉ፤ እነዚያም ይተኩሳሉ። ሱቄን ቆልፌ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ጓድ ከፈለኝ ቢሮ ሄድኩ።

ጓድ ከፈለኝ የጸጥታ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ከመጣ ገና አንድ ክረምት አላሳለፈም። ስገባ ታረቀኝ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ዘመቻውን ሊዘግብ ይሆናል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፎራ ሰው አይደለም፤ ከብት ነው» አልኩ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ።

ጓድ ከፈለኝ ግንባሩን ቋጠረ። «ሽማግሌው ራሱ አምኗል። ፎራን አሳልፈህ ስጠን ስንለው፣ "ፎራ የልጆቼ ነው፣ ብትገድሉኝም አልሰጥም" ብሏል።»

«ከብትህን ስጠን ያላችሁት መስሏቸው ነዋ። እርስዎ በሬዎን ይስጡን ቢባሉ ይሰጣሉ?»

ጓድ ከፈለኝ ወደ ታረቀኝ ዞረ። «እሷ የምትለው እውነት ነው?»

ታረቀኝ እኔን አየኝ፣ ቴፑን አየ፣ ጫማውን አየ። ገባው፤ እንደገባው ከፊቱ አነበብኩ። «እኔ... የሰው ስም ብዬ ነው የሰማሁት» አለ።

«በቃ» አለ ጓድ ከፈለኝ። «በሬዲዮ ተነግሯል። አንቺ ሬዲዮው ዋሽቷል ልትይኝ ነው?»

ይህ ጥያቄ ወደ ጉድጓድ የሚያስገባ ነው። በዚያ ዘመን ሬዲዮው ተሳስቷል ያለ ሰው ራሱ ዜና ይሆናል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ደንበኛዬ አንዱን ዕቃ አልፈልግም ካለኝ አልጣላውም፤ ሌላ አወርድለታለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈገግ አልኩ።

«ኧረ ሬዲዮው እንዴት ይዋሻል፣ ጓድ። እንግዲህ ፎራን የምትፈልጉት ከሆነ እኔ አመጣዋለሁ።»

ጓድ ከፈለኝ ከወንበሩ ቀና አለ። «አንቺ?»

«እኔ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ከነተከታዮቹ ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ ጥይት አይተኮስም። የሬዲዮው ጋዜጠኛም እዚሁ አለ፣ እርስዎ ሲቀበሉት ይቀርጻል።»

የመጨረሻዋን ስል ዓይኑ የታረቀኝ ቴፕ ላይ አረፈ። ልቡ መሄዱን አወቅሁ።

«እጁን ይሰጣል?» አለኝ።

«በእግሩ ይመጣል» አልኩት።

«ካልመጣ ግን ጅሎ ያለበት ቦታ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ዘመቻውም ይቀጥላል።»

«እስማማለሁ» አልኩ።

ለሮባ የአባቱን ቃል ሳልይዝ ብሄድ ከብቱን እንደማያነቃንቅ አውቅ ነበር። ስለዚህ ኦቦ ጅሎን ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ። ዘበኛው ኡስማን የሚባል የከተማችን ሰው ነው፤ እሱም ፎራን ያውቃል፣ ግን አፉን ይዟል። «በአማርኛ ብቻ አውሩ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ እያፈረ። ኦሮምኛዬን ዋጥ አድርጌ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጥኩ። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ራሱ አማርኛቸው ሲሆን፣ እኔም በዚያው አማርኛ ማሳመን ሊኖርብኝ።

«ኦቦ፣ ፎራን ወደ ዲላ ላምጣው።»

ዓይናቸው ሲደበዝዝ አየሁ። «አንተም?» አሉኝ። «የሎኮን ወተት ጠጥተህ፣ አንተም ፎራ ትወስዳለህ?»

«አልወስደውም፣ ኦቦ። ላሳያቸው ነው። አይተውት ይመለሳል። ካላዩት ታች ወርደው በሮባ ላይ ይተኩሳሉ።»

የሮባ ስም ሲጠራ «ካልመለሱስ?» አሉ።

ይመልሳሉ ብዬ አልዋሸኋቸውም። «ካልመለሱ እኔም ወደ ሱቄ አልመለስም። እዚህ እርስዎ ጋ እገባለሁ» አልኳቸው።

ኦቦ ጅሎ በልጅነቴ ግንባሬን ዳስሰው ትኩሳቴን እንደሚያዩ ሁሉ አሁንም ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጫፉ የተቀለመውን በትራቸውን ከግድግዳው አንስተው ዘረጉልኝ። «ሮባ ይሄን ያውቃል» አሉ። ኡስማን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ በትር ሲወጣ አላየሁም ለማለት።

ባህሩዲን ከአሪቻ ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት። «አንድ ቀን ምላስሽ እንደሚያሳስረን ነግሬሽ ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ ቡናውን አራግፎ የመኪናውን ውሃ ቀየረ። የኔ ባል ሲያኮርፍ እንኳ ሞተር እያስነሳ ነው። ዓርብ ጎህ ሲቀድ መንገዱ እስከሚያስኬድ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከሎኮ ቤት ደርሼ፣ አብረን በእግር ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወረድን።

ሮባ በትሩን ሲያይ አባቱ የሞቱ መስሎት ፊቱ ጠቆረ። ሁሉን ነገርኩት፤ አሁን በገዛ ቋንቋው ስለሆነ አፌ አልተሳሰረም። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «ዝናብ ሳይጥል ዳገቱን ብናስወጣቸው የደከሙት ይቀራሉ። ደግሞስ ጠመንጃ ወደያዘ ሰው ከብት ይነዳል?»

«አባትህን ለማውጣት ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ» አልኩት።

ወንድሞቹን ጠራ፣ ሁሉም ጦራቸውን አነሱ።

«ጦሩ ይቀራል» አልኩ።

እዚህ ላይ ተቆጣ። ለጉጂ ወንድ ከብት እየነዱ ያለ ጦር መሄድ ራቁት እንደመሄድ ነው፤ አውቃለሁ።

«ስማኝ ሮባ» አልኩት። «ጦር ይዘህ ከገባህ ሬዲዮው ልክ ነበር ማለት ነው። በትር ይዘህ ከገባህ ግን ሁሉም ሰው በዓይኑ የሚያየው ከብት ብቻ ነው።»

በመጨረሻ ጦሩን ደጃፋቸው ላይ እንዲተክሉት ለእናቱ ለሎኮ ሰጣቸው። ወንድሞቹም እንደሱ አደረጉ። ሎኮ ጦሮቹን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቀሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ስንወጣ ጌዴኦ ገበሬዎች ከእንሰትና ከቡናቸው መሃል ብቅ ብቅ አሉ። ከብቱ ወደ ማሳቸው እንዳይገባ በየክፍተቱ እንጨት አጋድመው ቆሙልን፤ ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው «ፎራ ዘንድሮ ምነው ቸኮለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሬዲዮ ጠርቶት ነው» አልኳቸው።

አንዲት ቀይ ጊደር ከአጋማሽ በኋላ ዳገቱ አቃታት። ተንበረከከች፣ አልነሳም አለች። የሮባ ታናሽ ወንድም ከሷ ጋር ቀረ፤ እኛ ቀጠልን። ዞር ብዬ ሳያት ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አውርጄ መንገድ ላይ መፈጥፈጥ አማረኝ።

ዲላ ዋናው መንገድ ላይ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ጓድ ከፈለኝ ካኪውን አስተኩሶ፣ ለአቀባበሉ በቆመ፣ በሙዝ ቅጠል ባጌጠ በር ሥር ቆሟል። ጠመንጃ የያዙት ሁሉ ከኋላው ናቸው። ታረቀኝ ማይክሮፎኑን ይዞ ጎኑ ቆሟል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። መጀመሪያ የተሰማው ቃጭል ነው። ከዚያ አቧራው ተነሳ። ከአቧራው ውስጥ ዳለቻ፣ የፎራው መሪ በሬ፣ ቀንዱ የሰው ክንድ የሚያህለው፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ከኋላው መንገዱን ሞልተው በሬዎቹና ጊደሮቹ ተከተሉ።

ወይዘሮ አሰገደች፣ የታረቀኝ እናት፣ ከሰልፉ መሃል «ፎራ መጣ» አሉ ጮክ ብለው። ክፋት አልነበራቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ያኔ ለሦስት ቀን አፉን ይዞ የከረመው ከተማ በሳቅ ፈነዳ። ሸምሰዲን እንኳ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ይጠርጋል።

ዳለቻ ለማንም ሳይጨነቅ ቀጥ ብሎ ወደ ጓድ ከፈለኝ መጣና ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ የተሰቀለውን የሙዝ ቅጠል መብላት ጀመረ።

«መሪው የታል?» አለኝ ጓድ ከፈለኝ በጥርሱ መሃል።

«እሱ ነው፣ ከፊትዎ ያለው። ተከታዮቹም ከኋላው ናቸው።»

ፊቱ ቀላ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ራሳቸው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይህን ጊዜ ፈራሁ፤ የተዋረደ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም። ጠጋ ብዬ ለሱ ብቻ እንዲሰማ ተናገርኩ። «ጓድ፣ የገባሁት ቃል ተፈጽሟል። ፎራ ያለ አንድ ጥይት ገብቷል። ጦር የያዘ ሰው የለም፣ የተጎዳ የለም። ለበላይ ምን እንደሚጽፉ እርስዎ ያውቃሉ። ሽማግሌውን ይልቀቁና ከብቱ መንገዱን ይክፈት፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።»

እውነትም አውቶቡሱ ከከብቱ ኋላ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋ ነበር። ጓድ ከፈለኝ አውቶቡሱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ቅጠሉን የሚያመነዥገውን በሬ አየ። ከዚያ እጁን አወዛውዞ ኡስማንን ላከው።

ኦቦ ጅሎ ሲመጡ ማንንም ሰላም አላሉም። ከብቶቹ መሃል ገብተው በአፋቸው ዝቅ ያለ ድምፅ አሰሙ፤ ዳለቻ ቅጠሉን ትቶ ራሱን አዞረ። እያንዳንዱን እየዳሰሱ፣ በየስሙ እየጠሩ አለፉ። መጨረሻ ላይ ወደ ሮባ ቀና ብለው ስለ ቀይዋ ጊደር ጠየቁት። ሮባ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ላይ ሲደርሱ በትራቸውን ተቀበሉኝና ግንባሬን ዳሰሱኝ። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የራሰው።

ሮባና ወንድሞቹ ወዲያው ከብቱን ይዘው ቁልቁል ተመለሱ። ኦቦ ጅሎ ግን ዜና ሳይሰሙ እንዳይሄዱ እኔ ለመንኳቸው። ሬዲዮው ያጠፋውን ራሱ ሲያርም መስማት አለባቸው ብዬ ነው። ታረቀኝም «እንዳየሁት ልኬዋለሁ እትዬ፣ ፎራ ከብት መሆኑን፣ ወራ ቤት መሆኑን፣ ሁሉንም» ብሎኛል። አመንኩት፤ አልዋሸኝምም።

ምሽት ላይ በረንዳው እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ታረቀኝ ከእናቱ ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ድምፁን ከፍ አደረግሁ።

«በጌዴኦ አውራጃ ሕዝብን ሲያሸብር የቆየው ፎራ የተባለው የዘላኖች ሽፍታ መሪ ከነተከታዮቹ በዛሬው ዕለት እጁን ሰጠ» አለ ሬዲዮው። «ተከታዮቹም የተሳሳተ መንገዳቸውን ትተው ወደ ሰላማዊ ኑሯቸው ተመልሰዋል።» ከዚያ ማርሽ ሙዚቃ ተከተለ።

ማንም አልሳቀም። ታረቀኝ አቀርቅሮ «የትናንቱ ሬዲዮ በዛሬው ሬዲዮ አይታረምም አሉኝ አለቆቼ። መጨረሻውን ብቻ ስጠን አሉኝ» አለ። ወይዘሮ አሰገደች የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

ተናደድኩ። ሬዲዮውን ጠረቀምኩትና እዚያው መደርደሪያዬ ሥር ቆሜ፣ በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ ተናገርኩ። «ፎራ ከብት ነው። ወራ ቤት ነው። ኦቦ ጅሎ ከኔ አባት በፊት እዚህ አገር ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ነገ ማንም ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉ፤ እኔ ጋ ሰማሁ በሉ።» ሸምሰዲን «እላለሁ» አለ። ኡስማንም ከጥግ «እላለሁ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦቦ ጅሎ ጨዋቸውን ትከሻቸው ላይ እያደላደሉ ነበር። «ረህማ» አሉኝ፣ «"እጁን ሰጠ" ምንድነው?»

«ተሸነፈ፣ ተማረከ ማለት ነው፣ ኦቦ። ፎራ ተማረከ እያለ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ቆላው፣ ከብቱ ወደወረደበት አቅጣጫ አዩ።

«ፎራ እጅ የለውም» አሉ። «እግር ነው ያለው። እሱም ሄዷል።»